አትላንቲስ፦ በቁጥር የተሠራች የባሕር መንግሥት
በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር




በዓመታዊ ጉባኤያችን መድረክ የተሰጠው መሐንዲስ እንደ ልማዱ ስለ አንድ ግድብ ወይም ስለ አንድ መንገድ፣ ቢያንስ ስለ አንድ ድልድይ እንዲናገር ይጠበቃል። እኔም ዛሬ የተነሣሁት ስለ ወደብ፣ ስለ ቦይ፣ ስለ ድልድይና ስለ ቅጥር ለመናገር ነው፤ ልዩነቱ የማወሳቸው ሥራዎች በምድር ላይ ከቶ ያልተሠሩ መሆናቸው ብቻ ነው። የሥራዎቹ ባለቤት በካርታ የማትገኝ የደሴት መንግሥት ናት፤ ስሟም አትላንቲስ ይባላል። የሠራትም ግንበኛ ወይም ድንጋይ ጠራቢ ሳይሆን ፈላስፋ ነው፤ ግሪኮች ፕላቶን፣ የግእዝ ሊቃውንታችን ደግሞ በመጽሐፈ ፈላስፋ አፍላጦን የሚሉት ሰው።

ስለ ሌለ ነገር የሥራ ባልደረቦችን ጊዜ መውሰድ ምን ይጠቅማል የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ አውቃለሁ። መልሴ አጭር ነው። የአትላንቲስ ትረካ በአብዛኛው የተጻፈው በእኛ ቋንቋ ነው፦ በርዝመት፣ በስፋት፣ በጥልቀትና በብዛት። ብዙ ሰዎችም ከሁለት ሺህ ዓመት በኋላ እንኳ እውነት ነው ብለው የተቀበሉት ስለ አማልክቱ በተነገረው ተማርከው ሳይሆን፣ ይህን ያህል በዝርዝር የተለካ ነገር ሐሰት ሊሆን አይችልም ብለው ስላሰቡ ይመስለኛል። ቁጥር እምነትን እንዴት እንደሚያሳድር፣ እምነት ያሳደረውም ቁጥር እንዴት መፈተን እንዳለበት ለመማር ከዚህች ደሴት የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

የነገሩ አመጣጥ

ፕላቶን የአትላንቲስን ነገር ያሰፈረው ጢማዮስና ክሪትያስ በተባሉ ሁለት የውይይት ድርሰቶቹ ውስጥ ሲሆን፣ ሁለቱም ከክርስቶስ ልደት በፊት 360 ዓመት ገደማ እንደ ተጻፉ ይገመታል። ተራኪው ክሪትያስ የተባለ አቴናዊ ነው። እርሱ እንደሚለው፣ ሕግ አውጪው ሶሎን ወደ ግብፅ ሄዶ ሳይስ በምትባል ከተማ ከካህናት ታሪኩን ሰማ፤ ሶሎን ለወዳጁ ለድሮፒደስ ነገረው፤ ድሮፒደስ ለልጁ ለሽማግሌው ክሪትያስ አስተላለፈው፤ ሽማግሌው ክሪትያስም ዕድሜው ወደ 90 በተቃረበ ጊዜ ገና የ10 ዓመት ልጅ ለነበረው ለልጅ ልጁ፣ ለአሁኑ ተራኪ አወረሰው። የዘር ሐረግ ቆጥሮ ማስረዳትን ከአባቶቹ ለተማረ ለእኛ ሰው ይህ የምስክሮች ሰንሰለት ምን ያህል የሚያሳምን እንደሆነ መናገር አያስፈልገኝም። ሆኖም ሰንሰለቱ የቱንም ያህል ቢረዝም፣ የጻፈው እጅ አንድ ብቻ መሆኑን መዘንጋት የለብንም።

ታሪኩ በአጭሩ እንዲህ ነው። ከሶሎን ዘመን 9,000 ዓመት በፊት፣ ዛሬ የጅብራልታር ወሽመጥ ከምንለው ከሄራክለስ ዓምዶች ወዲያ፣ ግሪኮች ሊብያና እስያ ከሚሏቸው አገሮች በአንድነት የምትሰፋ ደሴት ነበረች። ነገሥታቷ በባሕር ኃይላቸው እስከ ግብፅ ዳርቻና እስከ ኢጣልያ ምድር ድረስ ገዙ። በመጨረሻም የቀረውን ዓለም ለመውረር ሲነሡ ትንሿና ጥብቋ የጥንት አቴና ድል ነሣቻቸው። ከዚያም ብርቱ የመሬት መንቀጥቀጥና የጥፋት ውሃ መጣ፤ በአንድ አስከፊ ቀንና ሌሊት የአቴና ሠራዊት መሬት ውስጥ ገባ፤ አትላንቲስም ሰጠመች።

የደሴቲቱ ሥራዎች

ደሴቲቱ የባሕር አምላክ የፖሴይዶን ድርሻ ነበረች ይላል ትረካው። ፖሴይዶን በአንዲት ኮረብታ ላይ የምትኖረውን ክሌይቶ የተባለች የአገሩን ተወላጅ ልጃገረድ ወደደ፤ ማንም እንዳይደርስባትም ኮረብታዋን በሁለት የየብስና በሦስት የባሕር ቀለበቶች ዙሪያዋን አጠረ። በዚያን ጊዜ መርከብም መቅዘፍም ገና አልነበረምና ውሃው ከግንብ የበለጠ አጥር ነበረ። ክሌይቶም አምስት ጊዜ መንታ ወንዶች ወለደች። ከአሥሩ ልጆች የመጀመሪያው አትላስ የነገሥታት ንጉሥ ሆነ፤ ደሴቲቱና ባሕሩም ስማቸውን ከእርሱ ወሰዱ። ዘጠኙ ወንድሞቹ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ግዛት ተቀበሉ።

እዚህ ላይ መሐንዲስ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። የአትላስ ልጆች የመጀመሪያው ሥራ አባታቸው ያጠረውን አጥር መክፈት ነበር። በባሕር ቀለበቶቹ ላይ ድልድይ ዘረጉ። ከባሕሩ ጀምረው 50 ስታድዮን የሚረዝም፣ 3 ፕሌትሮን የሚሰፋና 1 ፕሌትሮን የሚጠልቅ ቦይ እስከ ውጭው ቀለበት ድረስ ቆፈሩ። አንድ ስታድዮን 185 ሜትር ያህል፣ ፕሌትሮን ደግሞ የስታድዮን ስድስተኛ እጅ፣ ማለት 31 ሜትር ያህል ስለሆነ፣ ቦዩ ከ9 ኪሎ ሜትር በላይ ርዝመት፣ 90 ሜትር ያህል ስፋትና 31 ሜትር ያህል ጥልቀት ነበረው ማለት ነው። የየብሱንም ቀለበቶች በድልድዮቹ አጠገብ ሰርስረው አንዲት ትሪሬም፣ ማለት ባለ ሦስት ረድፍ መቅዘፊያ የጦር መርከብ፣ ማለፍ የምትችልበት መተላለፊያ አበጁ፤ ላዩንም ከድነው መርከቦቹ በሥሩ እንዲያልፉ አደረጉ። ለመለየት የተሠራው ውሃ በዚህ ዓይነት መገናኛ ሆነ፤ የባሕር መንግሥትነታቸውም ከዚህ ይጀምራል።

መካከለኛዋ ደሴት ከዳር እስከ ዳር 5 ስታድዮን ነበረች። በዙሪያዋ ያሉት ቀለበቶች ከውስጥ ወደ ውጭ ሲቆጠሩ ባሕሩ 1፣ የብሱ 2፣ ባሕሩ 2፣ የብሱ 3፣ ባሕሩ 3 ስታድዮን ይሰፉ ነበር። ድንጋዩ ነጭ፣ ጥቁርና ቀይ ሲሆን፣ ከደሴቲቱና ከቀለበቶቹ ሥር ተፈልጦ በወጣበት ጊዜ የቀረው ጉድጓድ ራሱ ተፈጥሯዊ አለት የከደነው የመርከቦች መጠለያ ሆነ። አንዱ ቁፋሮ ሁለት ጥቅም ሰጠ ማለት ነው፤ ይህን ያሰበው ጸሐፊ ከግንባታ ሥራ ብዙም የራቀ እንዳልነበረ ያሳያል። የውጭውን ቅጥር ነሐስ፣ ቀጣዩን ቆርቆሮ ማዕድን፣ የመካከለኛውን ደግሞ ኦሬይካልኮስ የተባለ እንደ እሳት የሚያብረቀርቅ ማዕድን አለበሱት። ከሙቅና ከቀዝቃዛ ምንጮች ውሃ ስበው ለነገሥታቱ፣ ለሕዝቡ፣ ለሴቶች፣ ለፈረሶችና ለጋማ ከብት ሳይቀር የተለያየ መታጠቢያ ሠሩ። የተረፈውን ውሃ በድልድዮቹ ላይ በተዘረጋ ቦይ አሳልፈው ወደ ውጭዎቹ ቀለበቶች አፈሰሱት። ትልቁ ወደብ ከየአገሩ በሚመጡ መርከቦችና ነጋዴዎች የተሞላ ስለነበረ፣ የሰው ድምፅና ጫጫታ ቀንም ሌሊትም አይቋረጥም ነበር።

የሚስማሙ ቁጥሮች

ከከተማይቱ ባሻገር 3,000 ስታድዮን በ2,000 ስታድዮን የሆነ ደልዳላ ሜዳ ተዘርግቶ ነበር፤ በእኛ መለኪያ 555 ኪሎ ሜትር በ370 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከሰሜን ነፋስ በተራሮች የተከለለው ይህ ሜዳ በክረምት በዝናብ፣ በበጋ በመስኖ ሁለት ጊዜ ይታጨድ ነበር። በዙሪያው 1 ስታድዮን የሚሰፋ፣ 1 ፕሌትሮን የሚጠልቅና 10,000 ስታድዮን የሚረዝም ቦይ ተቆፈረ፤ ከተራራ የሚወርደውን ውሃ ተቀብሎ፣ ከተማይቱን በሁለት ወገን አልፎ፣ ወደ ባሕር ያፈሰዋል። ሜዳው እያንዳንዱ 10 ስታድዮን በ10 ስታድዮን በሆነ 60,000 ርስት ተከፍሎ ነበር። አንዱ ርስት 340 ሄክታር ያህል፣ በቀድሞው አለካካችን ከ8 ጋሻ በላይ ይሆናል።

እስኪ ስሌቱን እንመርምረው። የሜዳው ሁለት ርዝመትና ሁለት ወርድ ሲደመር በትክክል 10,000 ስታድዮን ይሆናል። የሜዳው ስፋት ለአንዱ ርስት ስፋት ሲካፈል በትክክል 60,000 ይወጣል። ስድስት ርስቶች በአንድነት አንድ የጦር ሠረገላ እንዲያወጡ ታዝዘዋል፤ የሠረገላዎቹ ብዛት 10,000 ነው፤ ይህም ልክ ነው። እያንዳንዱ ርስት አራት ባሕርተኛ ያወጣል፤ መርከቦቹ 1,200 ናቸው። 240,000 ባሕርተኛ ለ1,200 መርከብ ሲካፈል ለእያንዳንዷ መርከብ 200 ሰው ይደርሳታል። በዚህ ሰነድ ላይ የሒሳብ ስሕተት ፈልጎ የሚያርም መርማሪ ቢመደብ ባዶ እጁን ይመለስ ነበር።

ግን ያው ስሌት ደራሲውን አሳልፎ ይሰጠዋል። 200 ሰው የአቴና ትሪሬም ባሕርተኞች ቁጥር ነው፤ 170ዎቹ ቀዛፊዎች ሲሆኑ የቀሩት መሪዎች፣ ሠራተኞችና ወታደሮች ናቸው። ከሶሎን 9,000 ዓመት በፊት ይኖር ነበር የተባለ የባሕር ኃይል ፕላቶን በልጅነቱ በፒሬዎስ ወደብ ሲቀዝፉ ባያቸው መርከቦች ልክ ተሰፍሮ እናገኘዋለን። ቁጥሮቹ እርስ በርሳቸው የተስማሙት ከአንድ አእምሮ ስለ ወጡ ነው።

አሁን ደግሞ ስሌቱን ከወረቀት አውጥተን ከመሬት ጋር እናስተያየው። የሜዳው ዙሪያ ቦይ 1,850 ኪሎ ሜትር ርዝመት፣ 185 ሜትር ስፋትና 31 ሜትር ጥልቀት ካለው፣ ጎኖቹ ቀጥ ብለው ተቆፍረዋል ብለን ብናስብ፣ የሚወጣው አፈር ከ10 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ይበልጣል። ከ1859 እስከ 1869 እ.ኤ.አ. የተቆፈረው የሱዌዝ ቦይ በመጀመሪያው ሥራ 75 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ነበር፤ ስለዚህ የአትላንቲስ ቦይ ከ140 ሱዌዞች ጋር ይመጣጠናል። ለእኛ በሚቀርበን መለኪያ ለመናገር፣ የወጣው አፈር የታላቁ የሕዳሴ ግድብ ሐይቅ ሲሞላ የሚይዘውን የ74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ሰባተኛ እጅ ያህላል። አንድ ሰው በቀን 2 ሜትር ኩብ ይቆፍራል፣ 100,000 ሰዎችም በዓመት 300 ቀን ይሠራሉ ብለን ብንገምት፣ ሥራው 175 ዓመት ያህል ይፈጃል። በዚህ ውስጥ አፈሩን ከ31 ሜትር ጥልቀት ማውጣቱ፣ የሚደፋበት ቦታ፣ የሚሞላው ደለልና ሜዳውን በየ100 ስታድዮኑ የሚያቋርጡት ሌሎች ቦዮች አልተቆጠሩም።

ፕላቶን ይህን ሳያውቅ ቀረ ማለት አንችልም። ክሪትያስ የቦዩን ልክ ሊናገር ሲል፣ በእጅ የተሠራ ሥራ ይህን ያህል መሆኑ የማይታመን ቢመስልም የሰማነውን መናገር አለብን የሚል ሐሳብ አስቀድሞ ያቀርባል። የማይታመነውን ቁጥር ከመስጠቱ በፊት የማይታመን መሆኑን ራሱ ይነግረናል። ጠንቃቃ አንባቢ እዚያ ላይ ቆም ማለት ነበረበት፤ ብዙዎች ግን ሳይቆሙ አለፉ።

ደሴቲቱን የፈለጉ

የአሜሪካ ምክር ቤት አባል የነበረው ኢግናቲየስ ዶኔሊ በ1882 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ የፕላቶን ትረካ እውነተኛ ታሪክ ነው ብሎ ተከራከረ፤ ከዚያ ወዲህ ደሴቲቱን በየውቅያኖሱ የሚፈልጉ ሰዎች አልጠፉም። ይሁንና ብሩስ ሂዘንና ሜሪ ታርፕ ከ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአትላንቲክን ወለል በካርታ ሲያሰፍሩ የታየው የሰጠመ አህጉር ሳይሆን ከሰሜን እስከ ደቡብ የተዘረጋ የተራራ ሰንሰለትና በመካከሉ የተሰነጠቀ ሸለቆ ነው። የውቅያኖሱ ወለል በዚያ ስንጥቅ እየተፈጠረ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይሰፋል። የአፋርን ምድር መሰንጠቅ ለምናውቅ ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ያው የመሬት ሥራ በየብስ ላይ ሲጀመር ምን እንደሚመስል በአገራችን ይታያል።

ይህ ማለት ፕላቶን ሁሉን ከባዶ ፈጠረ ማለት አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ373፣ እርሱ በሃምሳዎቹ ዕድሜ ሳለ፣ ሄሊኬ የምትባል የግሪክ ከተማ በአንድ ሌሊት በመሬት መንቀጥቀጥና በባሕር ማዕበል ጠፍታለች። ከዚያ ብዙ መቶ ዓመታት ቀደም ብሎ የቴራ ደሴት እሳተ ገሞራ ፈንድቶ በላይዋ የነበረውን ከተማ በአመድ ቀብሮታል፤ አርኪዮሎጂስቱ ስፒሪዶን ማሪናቶስ በ1967 እ.ኤ.አ. አክሮቲሪ በተባለው ቦታ ቁፋሮ ጀምሮ ያን ከተማ አወጣው። የቴራ ወሬ በምን መንገድ ወደ ፕላቶን እንደ ደረሰ ማስረጃ የለም፤ የሄሊኬን ጥፋት ግን በዘመኑ የኖረ ግሪክ ሁሉ ሰምቶታል።

ከሁሉ የቀረበው ምንጭ የገዛ ከተማው ናት። ፕላቶን የተወለደው አቴና ከስፓርታ ጋር ስትዋጋ ነው። አቴና ወደቧንና ከተማዋን በረጅም ቅጥሮች አገናኝታ፣ በትሪሬሞቿ ደሴቶችን አስገብራ፣ በ415 ከክርስቶስ ልደት በፊት ሲኪልያን ለመያዝ ታላቅ መርከበኛ ጦር ላከች፤ ጦሩ ከሁለት ዓመት በኋላ አለቀ። በ404 እጇን ስትሰጥ ረጅሞቹ ቅጥሮች ፈረሱ። በኋለኛ ዘመኑ ሕግጋት በተባለው ድርሰቱ አዲስ ከተማ ሲያቅድ ከባሕር 80 ስታድዮን ያራቃት ያለ ምክንያት አልነበረም። አትላንቲስ የባሕር ኃይሏ የባሕርይዋን ልክ ያስረሳት የራሱ የአቴና ምስል ናት፤ ድል የነሣቻት ትንሿ አቴና ደግሞ እንድትሆን የተመኛት ናት።

ከዚህ ምን እንማራለን

ክቡራን ባልደረቦች፣ ወደ ሥራችን ልመለስ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአንድ የገጠር መንገድ ጥናት ጋር የተያያዘ ሰነድ አይቼ ነበር። የውሃ ተፋሰሱ ስፋት፣ የዝናቡ መጠን፣ የጎርፉ ብዛትና የውሃ ማሳለፊያው ቱቦ ስፋት ከሠንጠረዥ ወደ ሠንጠረዥ ሲተላለፉ አንዲት ነጥብ እንኳ አልተዛባችም። ቱቦው በሰነዱ መሠረት ተሠርቶ አልቋል። ጥናቱን ያዘጋጀው ክፍል ግን የተፋሰሱን ድንበር ከአሮጌ ካርታ ወስዶ ስለነበር ቦታውን የረገጠው ሰው አልነበረም። በተከታዩ ክረምት መንገዱ ከቱቦው ብዙ ርቀት ላይ ተቆረጠ። እኛ ልናይ በሄድን ጊዜ አንድ አዛውንት ገበሬ በዱላቸው እየጠቆሙ፣ «ልጆቼ፣ ውሃው በዚያ መጥቶ አያውቅም፤ ከአባቶቻችን ጀምሮ የሚመጣው በዚህ ነው። ማን ጠየቀን?» አሉን። ሕዝቡ በዚያ ዓመት እህሉን ለገበያ ያደረሰው በአህያ ጀርባ፣ በዙሪያ መንገድ ነው። ሕመምተኛውንም በቃሬዛ ተሸክመውታል።

የዚያ ሰነድ ቁጥሮች የአትላንቲስ ቁጥሮች ነበሩ። እርስ በርሳቸው ተስማምተዋል፤ ከመሬቱ ጋር ግን አልተዋወቁም። እኛም እንደ ክሪትያስ አድማጮች የምንታለለው በተዛባ ሒሳብ ሳይሆን በተስተካከለ ሒሳብ ነው። የተዛባውን መርማሪ ያገኘዋል፤ የተስተካከለው ግን ማኅተም ተመትቶበት ያልፋል። ዛሬ ኮምፒዩተር ለማንኛውም ግምት አምስት የነጥብ ቤት ጨምሮ በሚያትምበት ዘመን ይህ አደጋ ከፕላቶን ዘመን ይልቅ የበረታ ይመስለኛል። ቁጥር በብዙ የነጥብ ቤት ሲጻፍ የተለካ ይመስላል፤ የተገመተም ቢሆን።

የሌሊቱ ችሎት

ስለ አትላንቲስ ባህል ሳላነሣው የማላልፈው አንድ ሥርዓት ቀርቷል፤ ከቦዩና ከቅጥሩ ሁሉ ይልቅ ለማኅበራችን የሚቀርበው እርሱ ነው።

አሥሩ ነገሥታት አንድ ጊዜ በአምስተኛው፣ ቀጥሎ በስድስተኛው ዓመት እያፈራረቁ በፖሴይዶን ቤተ መቅደስ ይሰበሰቡ ነበር። እዚያ ከኦሬይካልኮስ የተሠራ ዓምድ ቆሟል፤ የመጀመሪያዎቹ ነገሥታት ሕግና ለሚያፈርሱት ሁሉ የተነገረው ከባድ እርግማን በላዩ ተቀርጿል። በቤተ መቅደሱ ቅጥር የተለቀቁትን ኮርማዎች ያለ ብረት መሣሪያ፣ በዱላና በገመድ ብቻ ያድኑ ነበር፤ የተያዘውንም በዓምዱ አናት ላይ ያርዱታል፤ ደሙም በሕጉ ጽሕፈት ላይ ይፈስሳል። ከዚያም በወርቅ ጽዋ ደሙ የተቀላቀለበትን መጠጥ ቀድተው በሕጉ መሠረት ለመፍረድ ይምላሉ፤ ይጠጣሉ። ሲመሽና የመሥዋዕቱ እሳት ሲበርድ ሁሉም እጅግ ያማረ ጠቆር ያለ ሰማያዊ ልብስ ይለብሳሉ፤ በቤተ መቅደሱ ያለውን መብራት ሁሉ አጥፍተው በፍሙ አጠገብ መሬት ላይ ይቀመጣሉ። በዚያ ጨለማ ውስጥ ከመካከላቸው ሕግ ተላልፏል የተባለ ካለ ይከሰሳል፤ ይፈርዳሉ፤ ይፈረድባቸዋልም። ሲነጋ ፍርዱን በወርቅ ጽላት ላይ ጽፈው ከልብሶቻቸው ጋር ለመታሰቢያ ያኖሩታል።

ከሕጎቹም ዋነኞቹ አንዱ በሌላው ላይ ጦር እንዳያነሣ፣ ማንም የንጉሥ ዘር ለመገልበጥ ቢነሣ ሁሉም እንዲረዱት፣ የነገሥታት ንጉሡም ከአሥሩ የሚበዙት ካልተስማሙ በዘመዱ ላይ የሞት ፍርድ እንዳይሰጥ የሚሉ ነበሩ።

የዚህን ሥርዓት ጥበብ ልብ በሉ። ዳኛውና ተከሳሹ እኩያሞች ናቸው። ሁሉም አንድ ዓይነት ልብስ ለብሰዋል፤ በዙፋን ፈንታ መሬት ላይ ተቀምጠዋል፤ ብርሃን ስለሌለ የማንም ፊት ማንንም አያስፈራም። ፍርዱ በጨለማ ይሰጣል፤ ጽሕፈቱ ግን በብርሃን ነው። ታላላቅ ሥራዎችን ያዘዙት ሰዎች ለሥራቸው መልስ የሚሰጡበት ሌሊት ነበራቸው።

ታዲያ አትላንቲስ ለምን ጠፋች? ፕላቶን ቦዩ በደለል ተሞላ አይልም፤ ድልድዩ ተሰበረ፣ ዓምዱ ወደቀም አይልም። ለብዙ ትውልድ ነገሥታቱ ሀብታቸውን እንደ ሸክም ይቆጥሩት ነበር ይላል፤ ከዚያ በውስጣቸው ያለው የአምላክ ድርሻ እየቀነሰ ሰብአዊው ሲበረታ ያላቸውን መሸከም አቃታቸው። ማየት ለሚችል ሰው ተዋርደው ሲታዩ፣ ማየት ለማይችለው ግን ያለ ፍትሕ በመስገብገብ ተሞልተው ሳሉ እጅግ የከበሩና የታደሉ ይመስሉ ነበር። ዜውስ አማልክቱን ሰብስቦ ሊናገር አፉን ሲከፍት ድርሰቱ በዓረፍተ ነገሩ መካከል ይቋረጣል። የተሠራው ሁሉ እንደ ተለካው ቆሞ ነበር፤ ልኩን ያጡት ሠሪዎቹ ናቸው።

ስለዚህ በዚህ ጉባኤ ፊት ሁለት ሐሳብ አቀርባለሁ።

የመጀመሪያው፣ የማኅበራችን አባል በሚፈርምበት ሰነድ ሁሉ ዋና ዋና ቁጥሮች ከየት እንደ መጡ በግልጽ እንዲመለከት ነው፦ «በቦታው ተለካ»፣ «ከካርታ ተወሰደ» ወይም «ተገመተ» ተብሎ። ይህ ሦስት ቃል ብቻ የሚጠይቅ ሥራ ነው። ግን የተገመተው ቁጥር የተለካውን ልብስ ለብሶ እንዳይመጣ ያግደዋል። የተገመተ ቁጥር ነውር የለበትም፤ እኔም ስለ ቦዩ ቆፋሪዎች ዛሬ ገምቻለሁ፤ መገመቴን ግን ነግሬአችኋለሁ።

ሁለተኛው፣ ማኅበሩ በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ የሌሊት ችሎት እንዲኖረው ነው። ኮርማ ማረድም መብራት ማጥፋትም አያስፈልገንም። ሥራው ተጠናቆ ጉድለት የታየበትን አንድ ፕሮጀክት መርጠን፣ የመሥሪያ ቤትና የሹመት ልዩነት ሳናደርግ፣ እንደ እኩያሞች ተቀምጠን እንመርምረው። ዓላማው ሰውን መቅጣት ሳይሆን ነገሩን መጻፍ ይሁን፤ የተገኘውም በዚህ መጽሔት ታትሞ ለሚቀጥለው ትውልድ መሐንዲስ ይቀመጥ። የአትላንቲስ ነገሥታት ፍርዳቸውን በወርቅ ጽላት ጻፉ፤ ለእኛ ወረቀት ይበቃናል።

ፕላቶን ያልተሠራች ከተማን እጅግ በጥንቃቄ ለካ። እኛ ደግሞ በእርግጥ የሚሠሩትን፣ ሰው የሚሻገርባቸውን፣ ሕፃናት ውሃ የሚጠጡባቸውን ሥራዎች እንለካለን። ከእርሱ የላቀ ጥንቃቄ ከእኛ ይጠበቃል።